ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ይህን አባባል ድሮም አውቀዋለሁ። የገባኝ ግን መድረክ ላይ ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ስታዲየም አካባቢ ማታ ማታ ጃዝ የሚጫወቱባት አንዲት ጠበብ ያለች ቤት ነበረች። ጊታር ይዞ የመጣ ሰው ካለ ወደ መድረክ ይጋብዛሉ። ወጣሁ። ድራመሩ ፍጥነቱን ሲጠይቀኝ «ሞቅ አድርገው» አልኩት። እሱም አላሳፈረኝም፣ ሞቅ አደረገው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባሮች (አራት አራት ምት ያላቸውን የዜማ ክፍሎች) ጣቶቼ ሮጡ። ከዚያ ግራ እጄና ቀኝ እጄ ተጠፋፉ። ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ጥሎኝ ሄዷል፣ እኔ ገና የቀደመው ላይ ነኝ። ሰው ግን አጨበጨበ። እኛ አገር ጣት ሲሮጥ ከታየ ጭብጨባ አይቀርም።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ብቻ አላጨበጨቡም። በደርግ ዘመን ሆቴል ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። በአጠገባቸው ሳልፍ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝና ወደ ቢራቸው ተመለሱ።

ሥዕሉ የመጣው ከአለባበስ ነው። መቀነት ወይም ድግ የታጠቀ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ረጅም ጨርቅ ነው፣ ወገብ ላይ ተደጋግሞ ይጠመጠማል። በደንብ ለመታጠቅ ቆም ማለት፣ ሆድን ሳብ ማድረግ፣ ሁለቱንም እጅ ማዋል ይጠይቃል። እየሮጠ የሚታጠቅ ሰው ጥምጥሙን ያላላዋል፣ ጫፉንም በቅጡ አይሸጉጠውም። ጥቂት እንደሄደ ያው ሩጫው መልሶ ይፈታዋል። መታጠቅ ደግሞ የልብስ ነገር ብቻ አልነበረም። ዝናርም ይታጠቁታል፣ ጎራዴም ይታጠቁታል። የአፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ስሙ ታጠቅ ነበር፣ እሳቸውም አባ ታጠቅ የተባሉት በእሱ ነው።

አባባሉ «መቀነቱ» አይልም። «የታጠቁት» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ትዳርም፣ ንግድም፣ ለፈተና በአንድ ሌሊት የተጠና ትምህርትም ይገባበታል። ብዙ ጊዜ የሚተረተው በችኮላ ትዳር ላይ ነው። ትዳርም «ይፈታል»ና ቃሉ ልክክ ይላል። «ይፈታል» የሚለውንም ልብ በሉልኝ። የፈታው ሰው የለም። እኔም ያን ማታ ድራመሩን ልወቅስ ፈልጌ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን አባባል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው ጋር አንድ ያደርገዋል። እኔ አይመስለኝም። ያኛው አትቸኩል ነው የሚለው። ይሄኛው ሩጫን አይከለክልም፣ እንዲያውም መሮጥህን እንደታወቀ ነገር ይወስደዋል። የሚጠይቅህ መቼ እንደታጠቅክ ነው።

የጃዝ ጊታር ተጫዋቹን ጃንጎ ሬይናርትን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1928 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ የሚኖርበት ጋሪ ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። ጊታርን በቀሩት ጣቶች እንደገና ከሥሩ መማር ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሶሎውን (ለብቻው ጎልቶ የሚጫወተውን ዜማ) በዋናነት በሁለት ጣት እየተጫወተ፣ ዛሬም ድረስ ብዙ ባለ አራት ጣቶች የማይደርሱበት ፍጥነት ላይ ወጣ። ሩጧል። የታጠቀው ግን ቆሞ ነው።

ሌላው የጃዝ ጊታር ተጫዋች ዌስ ሞንጎመሪ ደግሞ ፒክ (ክር መምቻ) አይዝም ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ ማታ ይጫወታል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ክሩን በአውራ ጣቱ መምታት ጀመረ ይባላል። በአውራ ጣት መሮጥ ከፒክ ይከብዳል። ድምፁ ግን ለስላሳና ወፍራም ሆነለትና በዚያው ቀረ። ሶሎዎቹ አካሄድ አላቸው፦ በነጠላ ኖታ ይጀምራል፣ ወደ ኦክታቭ (አንዱን ኖታ ከላይኛው አቻው ጋር መምታት) ያልፋል፣ በኮርድ ይቋጫል። ለእኔ ጥምጥም ማለት ይህ ነው፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ እየተኛ።

የፍጥነትን ዋጋ በቁጥር ማየትም ይቻላል። ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 200 ምት ላይ ሆኖ በአንድ ምት ሁለት ኖታ ብትጫወቱ፣ በደቂቃ 400 ኖታ ነው። አንዱ ኖታ 0.15 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። ድምፃዊ በቫይብራቶ ድምፁን ሲያርገበግብ ደግሞ በሰከንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ነው። ኖታው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይርገበገብ አለቀ ማለት ነው። ሸርተት ማድረጊያም፣ ማልቀሻም ጊዜ የለም። የጃዝ ውዝዋዜ የሆነው ስዊንግ ራሱ ፍጥነቱ ሲጨምር እየተስተካከለ ይሄዳል፣ ረጅሙና አጭሩ ኖታ ወደ እኩል ይጠጋሉ። ስለዚህ በሩጫ ላይ ስሜት የሚቀረው የቱን ኖታ ጫን እንዳልክ፣ የቱን እንዳለዘብክ፣ የት እንደተነፈስክ ብቻ ነው። እነዚህን ደግሞ ሮጠህ አትማራቸውም።

በእኛ ቅኝት ይህ ይብሳል። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ክራር ደርዳሪው አንዱ ድምፅ ላይ ዘግይቶ፣ ሌላውን ነካ አድርጎ፣ ተመልሶ ሲመጣ ነው ሆድ የሚያባባው። ትዝታን በሩጫ የተጫወተ ሰው አምስቱን ድምፅ ጨርሶ ባዶ እጁን ይቀራል። (ኢትዮ ጃዝን የፈጠረው ሙላቱ የአባቱ ስም አስታጥቄ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።)

ጋሼን ከዚያ ማታ በኋላ ፒያሳ ድረስ እየሄድኩ ለመንኳቸው፣ ሊያስተምሩኝ ተስማሙ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አደረጉት። ያቺኑ የወደቅኩባትን ስምንት ባር ለሦስት ሳምንት ደገምኩ። መጀመሪያ በአፌ እዘፍነዋለሁ፣ ካልዘፈንኩት ጊታሩን አያስነኩኝም። በስተኋላ ሜትሮኖሙ የሚመታው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ሆነ። አንደኛውን ራሴ ውስጥ መሸከም አለብኝ። በእውነቱ ደብሮኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፈታ ብዬ መጫወት ነው የምፈልገው» ብላቸው «እሱን ነው እኮ የምሠራልህ፤ መጀመሪያ ታጠቅ» አሉኝ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይገርመኛል። መቀነት ሲፈታ ውርደት ነው። ሰው «ፈታ ሲል» ግን ደስ ይላል። መድረክ ላይ ፈታ ብሎ የሚጫወተውን ሰው አስተውላችሁት ከሆነ ትከሻው ወርዷል፣ እየሳቀ ድራመሩን ያያል፣ እጁን አያይም። ወገቡ ስለጠበቀ ነው።

ከወራት በኋላ እዚያችው ቤት ተመለስኩ። በዚህኛው ፍጥነቱን ራሴ ቆጠርኩት፣ ወደ 140 ገደማ። ከሁለት ባር በላይ ዝም ያልኩበት ቦታም ነበር። ጭብጨባው ከፊተኛው አነሰ። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ሲወርድ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

180 ላይ አሁንም ይፈታብኛል። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ።

«ታዲያ ማን አባሮህ ነው?»