ለአሮጌ የጦር ጂፕ «የዘመኑ መለዋወጫ» ምንድን ነው?

በደሴ መንገድ ዳር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ካሉት ጋራዦች በአንዱ የአሮጌ የጦር ጂፕ ዲናሞ ለሚፈልግ ሰው «ለምን የቶዮታ አንገጥምልህም?» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ቢገጠም ይሠራል፤ መኪናውን ለሥራ ብቻ ለሚፈልግ ሰውም ምክሩ መጥፎ አይደለም።

«የዘመኑ መለዋወጫ» ግን ሌላ ነው። መኪናው እንዲያሳይ በተፈለገበት ዓመት ሊገጠምለት ይችል የነበረ ዕቃ ማለት ነው። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ራሱ መሆን የለበትም፤ የጦር መኪና በአገልግሎት ላይ እያለ ባትሪና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) ይቀያየርለታል። እርጅና ብቻውንም አይበቃም። የ1970ዎቹ ዲናሞ ዛሬ አሮጌ ቢሆንም በ1943 ጂፕ ላይ እንግዳ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት የሚጠየቀው ቮልቱ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር። እሱን የተካው ኤም 38 ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዞ በ24 ቮልት ይሠራል፤ መስመሩም ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሶቪየቶቹ ጋዝ 69 እና ዋዝ 469 ደግሞ ባለ12 ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ጂፕ ነው፤ ቮልታቸው የተለያየ ግን አምፖል እንኳን አይዋዋሱም።

የ6 ቮልቱ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ከ12 ቮልት እጥፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚጠይቅ፣ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ገመድ ወፍራም መሆን አለበት። በቀጭን ገመድ ሲተካ ገመዱ ይግላል፣ ሞተሪኖውም እያቃሰተ ይዞራል። በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ባትሪው ደክሞ፣ ዘይቱም ወፍሮ ሲያድር ችግሩ ይብሳል፤ ባለቤቱም «6 ቮልት ለደጋ አይሆንም» ብሎ ወደ 12 ይቀይረዋል። እኔ አስቀድሞ ገመዱና ማሳው (ባትሪውን ከሻሲው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ) ይታዩ ባይ ነኝ። ሻሲው አዲስ ቀለም ሲቀባ ማሳው የሚታሰርበት ቦታ አብሮ ከተቀባ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ድረስ የትኛውም ባትሪ በደንብ አያስነሳውም።

የዕቃው ዕድሜ የሚነበበው ገላው ላይ ካለው ጽሑፍና ምልክት ነው። ፎርድ በሠራቸው የጦርነቱ ዘመን ጂፖች ላይ ብሎኖች ሳይቀሩ የፎርድ መነሻ ፊደል ተቀርጾባቸዋል። የሶቪየት ዕቃ ባለ አምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ካለበት ከ1967 በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም፤ ምልክቱ የወጣው በዚያ ዓመት ነውና። በአሜሪካ ወታደራዊ ማሸጊያ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር 13 አኃዝ ከሆነ፣ ማሸጊያው ከ1974 ወዲህ የታተመ ነው፤ ቀድሞ 11 አኃዝ ነበር። ሆኖም የቆየ ዕቃ እንደገና ሊታሸግ ስለሚችል ከካርቶኑ ይልቅ ብረቱን ማመን ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጠፍቶ የሚገኘው ከአየር እንዳይታይ ተብሎ የተሠራው ትንሹ የጦር ጊዜ መብራት ነው። የኋላ መብራቱ ከሩቅ እንደ አንድ ነጥብ ይታያል፤ ሲቀርቡት ነጥቦቹ ይለያያሉ፤ ተከታዩ ሹፌር ርቀቱን የሚለካው በዚያ ነው። ለመኪናው መልክ ይህ መብራት ግድ ነው። የፊቱን አብርቶ በጣርማ በር ጉም ልውጣ ለሚል ግን ሰው ይምከረው።

ፍለጋው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ያደርሳል። ናሙናውን ይዞ መሄድ ከሥዕልም ከቃልም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከመግዛት በፊት የተቃጠለውን ዲናሞ የሞተር ሽቦ ወደሚጠቀልል ባለሙያ መውሰድ ይቀድማል። ውስጡ በአዲስ ሽቦ ሲጠቀለል ቀፎውና ጽሑፍ ያለበት የፋብሪካው ሳህን ባሉበት ይቀራሉ፤ ከዚያ የተሻለ የዘመኑ ዕቃ ከየትም አይመጣም።

በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም፦ የዘመኑን ሽቦ መልሶ መዘርጋት። የጥንቱ ጎማና ጥጥ ልባስ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን አጠገብም እሳት ያስነሳል። አዲስ ሽቦ በጥጥ ሽሩባ ለብሶ ቢዘረጋ መልኩ አይጎድልም።