የቱርክኛ የገበያ ቋንቋ፦ ከላሌሊ እስከ ሰፈር ፓዛር

ዕቃ ልታመጣ ኢስታንቡል የምትሄድ የመርካቶ ነጋዴም ሆነች ለትራንዚት አንድ ቀን ያደረ መንገደኛ፣ ቱርክኛ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ገበያ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ቱርክኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ነው። ያ ደግሞ መንገዱን ያረዝማል። የቱርክኛ የገበያ ንግግር ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም ቅርብ ነው፤ ይህን ጽሑፍም ያዘጋጀሁት ይህ ቅርበት ጥቅም ላይ እንዲውል ብዬ ነው።

ከሁለት ቃላት እንጀምር፦ "ቫር" እና "ዮክ"። "ቫር" አለ ማለት ነው፣ "ዮክ" ደግሞ የለም። "ምእ" የምትባል መጠየቂያ አለች፣ እንደኛ "ወይ" ያለች። "ቫር ምእ?" ስትል "አለ ወይ?" አልክ ማለት ነው። ሸሚዝ ይዘህ "ቡኑን ቡዩዩ ቫር ምእ?" ብትል ቃል በቃል "የዚህ ትልቁ አለ ወይ?" ነው። አንድም ቃል ቦታውን አልቀየረም። ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቁጥር ሲጠራ ዕቃው ነጠላ ሆኖ ይቀራል፦ "ቤሽ ጎምሌክ" አምስት ሸሚዝ ነው፣ እኛም አምስት ሸሚዞች ብለን ገበያ ላይ አንጠይቅም። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፣ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ቱርክኛ አይደለም፤ ግን አረፍተ ነገር ሲሠሩ ልማዳቸው ይመሳሰላል።

ቱርክኛ እ.ኤ.አ. እስከ 1928 በዓረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፣ ከዚያ በላቲን ሆነ። ድምፁን በተመለከተ የኛ ፊደል የሚመካበት ነገር አለ። ነጥብ የሌላት የላቲን "ኢ" ለፈረንጅ ታስቸግራለች። ለኛ ግን ሳድስ ናት ማለት ይቻላል። አርባ "ክርክ" ነው፣ ልክ "ክርክር" ልንል ስንጀምር እንደምናወጣው ድምፅ። ቀይ "ክርምዝእ"፣ ዋጋ መከራከር "ፓዛርልክ" ነው። ች፣ ሽ፣ ጅ እና ዥም በእጃችን ያሉ ናቸው። የሚቸግሩት ሁለት አናባቢዎች ብቻ ናቸው፦ "ኢ" እና "ኤ" እያሉ ከንፈርን ማሞጥሞጥ። እዚህ "ኡ" እና "ኦ" እያልኩ ስለጻፍኳቸው ድምፃቸውን ከሰው መስማት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ፦ ቢር፣ ኢኪ፣ ኡች፣ ዶርት፣ ቤሽ፣ አልትእ፣ ዬዲ፣ ሴኪዝ፣ ዶኩዝ፣ ኦን። ሃያ "ይርሚ"፣ ሠላሳ "ኦቱዝ"፣ ሃምሳ "ኤሊ"፣ መቶ "ዩዝ"፣ ሺህ "ቢን"። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው። "ቢር" አንድ ነው፣ "ቢን" ሺህ ነው፣ በጫጫታ ውስጥ ልዩነታቸው አይሰማም። "ቢር" ሲባል ብራችን የተጠራ የሚመስለውም አለ። ስለዚህ ሻጩ ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፎ ቢያሳይህ ተቀበለው፣ ካላሳየህም ጠይቀው።

በጣም የሚጠቅመው ጥያቄ "ኔ ካዳር?" ነው፣ ስንት ነው ማለት። "ቾክ ፓሃልእ" በጣም ውድ ነው። "ኡጁዝ" ርካሽ። "ኢንዲሪም" ቅናሽ። "ሶን ፊያት ኔ?" የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ "ኦሉር" ወይም "ኦልማዝ"፣ ይሆናል ወይም አይሆንም። የመርካቶ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ክርክሩ የሚካሄድበትን ቦታ መለየት ግን ያስፈልጋል። ሱፐርማርኬትና የገበያ ማዕከል ውስጥ ዋጋው የተለጠፈው ነው። በትልቁ ሽፍን ገበያ፣ በካፓልእ ቻርሽእ፣ ክርክር የታወቀ ነው። ይህ ገበያ ቁስጥንጥንያ፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ እ.ኤ.አ. በ1453 በኦቶማን ቱርኮች ከተያዘች በኋላ ብዙ ሳይቆይ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ከ60 በላይ መንገዶች አሉት ይባላል፣ የሱቆቹን ቁጥር አንዱ 3,000 ሌላው 4,000 ይለዋል። እሑድ ይዘጋል። "የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ቁረጥ" የሚሉ አሉ። ለቱሪስት ዕቃ ሊሠራ ይችላል። ለጅምላ ልብስ ግን አይሠራም፣ እዚያ ቅናሹ ትንሽ ነው፣ ግማሽ የሚጠራ ሰውም ነጋዴ አይመስላቸውም።

ወደ ጅምላው ከመጣን የኢስታንቡሉ የልብስ ጅምላ ሰፈር ላሌሊ ሊዘለል አይችልም። ቲ1 የተባለው ትራም ላሌሊ–ዩኒቨርሲቴ ፌርማታ ላይ ያወርዳል፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ሱቅ በሱቅ ነው። ሰፈሩ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነው፣ በተለይ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ፣ ከዚያ የመጡ ሴቶች ልብስ በሻንጣ እየሞሉ ወደ አገራቸው ሲወስዱ። ንግዱም "ባቩል ቲጃሬቲ" ተባለ፣ የሻንጣ ንግድ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ከ1996 ጀምሮ በቱርክ የክፍያ ሚዛን፣ ማለትም ከውጭ አገር ጋር ባላት የገቢና ወጪ ሒሳብ ውስጥ ራሱን ችሎ ገባ። ሱቆቹ ላይ ሩሲያኛ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ዓረብኛ ተጨመረ፣ ከአፍሪካ የሚመጡ ገዢዎችም በዙ። የኛዎቹ ነጋዴዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ያለ አስተርጓሚ፣ ጥቂት ቃል ይዘው፣ ቡቲክ ሙሉ ልብስ ገዝተው የሚመለሱ ሴቶች ሥራ ሊከበር ይገባዋል።

በላሌሊ "ቶፕታን" ጅምላ ነው፣ "ፔራኬንዴ" ችርቻሮ። በሩ ላይ "ፔራኬንዴ ዮክ" የሚል ካየህ አንድ ሱሪ አይሸጡልህም። የሚሸጠው "ሴሪ" ነው፦ አንድ ሞዴል በተለያየ "ቤዴን"፣ ማለትም በልብስ ቁጥር፣ ተደርድሮ በጥቅል። የጫማ ቁጥር "ኑማራ" ነው። "ሬንክ" ቀለም፣ "ሲያህ" ጥቁር፣ "ቤያዝ" ነጭ። ቡናማ "ካህቬሬንጊ" ይባላል፣ የቡና ቀለም ማለት ነው፤ እኛም ከቡና ነው የወሰድነው። ቀብድ "ካፖራ" ነው። ጥሬ ገንዘብ "ናኪት"፣ ደረሰኝ "ፊሽ"፣ የጅምላ ግዢ ደረሰኝ "ፋቱራ"። ቀብድ ስትከፍል ወረቀት ላይ ማስጻፍ አትርሳ። ሜርተርና ኦስማንቤይም የልብስ ጅምላ ሰፈሮች ናቸው።

ከቃላቱ ውስጥ አብረውን ያደጉ አሉ። "ሄሳፕ" ሒሳብ ነው፣ "ሳት" ሰዓት፣ "ቤሬኬት" በረከት። እነዚህ ሴማዊ ሥር ያላቸው ናቸው። "ቻንታ" ቦርሳ ነው፤ የኛ "ሻንጣ" በዓረብኛ በኩል ከሱ የመጣ ይመስላል። የሊራው ሳንቲም "ኩሩሽ"፣ በምኒልክ ዘመን የነበረው "ግርሽ" ዘመድ ነው።

አጠራርም የራሱ ወግ አለው። ሻጩ "አብላ" ካለሽ እትዬ ማለቱ ነው፣ በዕድሜ ብታንሺውም። ወንዱን "አቢ" በሉት፣ እንደ ጋሼ። ስትገቢ "ቡዩሩን" ይልሻል፣ ምን ልታዘዝ እንደማለት። ለማየት ብቻ ከሆነ "ሳዴጄ ባክዮሩም" ማለት ይበቃል፣ ዝም ብዬ እያየሁ ነው። ሻይ ቢያቀርብ በወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ ነው። መጠጣት መግዛት አያስገድድም።

አንድ ነገር ግን በአፍ ሳይሆን በፊት ይነገራል። ቱርኮች ቅንድባቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ አንገታቸውን ትንሽ ቀና አድርገው፣ አንዳንዴም ምላሳቸውን "ጭ" ሲያደርጉ፣ "የለም" ማለታቸው ነው። እኛ ደግሞ ቅንድብ አንሥተን፣ ትንፋሽ ሳብ አድርገን "አዎ" እንላለን። ሻጩ "ይሄን ፈለግሽ?" ሲል ቅንድቧን ያነሣች እህታችን ተስማማሁ ብላ ነው፤ እሱ ግን እንቢ አለችኝ ብሎ ልብሱን መልሶ ያጥፋል። እሷ ግራ ይገባታል፣ እሱም። ስለዚህ "ኤቬት" በሉ፣ አዎ ማለት ነው፣ ፊታችሁን ሳይሆን ድምፃችሁን እንዲሰማ።

የሰፈር ገበያ "ፓዛር" ይባላል። እሑድም ራሱ "ፓዛር" ነው። ሰኞ "ፓዛርቴሲ"፣ ከእሑድ በኋላ ያለው ማለት። ብዙዎቹ ገበያዎች እንደኛ ቅዳሜ ገበያ በሚውሉበት ቀን ይጠራሉ። "ያርም ኪሎ" ግማሽ ኪሎ፣ "ታኔ" በፍሬ ሲቆጠር። ሱፐርማርኬት ካሸሪዋ "ፖሼት?" ብትልህ ፌስታል ትፈልጋለህ ወይ ማለቷ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ፌስታል በገንዘብ ሆኗል፣ መጀመሪያ በ25 ኩሩሽ።

ገንዘብ ሲቀበል ሻጩ "አላህ ቤሬኬት ቬርሲን" ይላል፣ አምላክ በረከት ይስጥ። የገዛኸውን ሲሰጥህ "ጉሌ ጉሌ ኩላንእን" ካለ፣ በደስታ ይጠቀሙበት ብሎ መመረቁ ነው። ስትወጣ "ሃይርልእ ኢሽሌር" ብትለው ሥራዎ ይባረክ ማለትህ ነው፤ ይህን ከውጭ ሰው መስማት ያስደስታቸዋል። "ጉሌ ጉሌ" ብቻዋን ስትሆን ደግሞ መሰናበቻ ናት፣ እየሳቅህ ሂድ እንደማለት፤ የምትባለውም በሚቀረው ሰው ብቻ ነው። የሚሄደው "ኢዪ ጉንሌር" ብሎ ይወጣል፣ መልካም ቀን።