«ቦርከና ሞቷል» እና ሌሎች ስለ ወንዞቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ከፍታዎች ተነስቶ ከተማዋን ያቋርጣል። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ይወርድና ሌዮሌንና ወርቃን የመሳሰሉ ገባሮችን ተቀብሎ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ያቀናል። ውኃው በመጨረሻ የአዋሽ ተፋሰስ ነው። ስለዚህ ወንዝ በታክሲ፣ በቡና ላይ፣ በቀበሌ ስብሰባ የሚነገሩ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ፍጹም ስህተት። ሁሉም ግን ወንዙን ቀርበን እንዳናይ ያደርጉናል።

«ወንዙ ሞቷል፤ ዓሣ እንኳ የለበትም»

ደጋግሜ የምሰማው ይህን ነው። ከሁሉ የሚጎዳውም ይኸው ይመስለኛል፤ ለሞተ ነገር የሚሟገት ሰው የለምና። ቦርከና የታመመባቸው፣ እንዲያውም ክፉኛ የታመመባቸው ቦታዎች አሉ። ነገር ግን ወንዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ከከተማ በላይ፣ ውኃው በድንጋይ መካከል እየተገጨ በሚወርድበት ገባር ውስጥ ገብታችሁ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ሆነው የተለጠፉ፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው፣ በጎንና በጎናቸው ላባ የመሰለ ስንጥብ (በውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበትን አካል) የሚያርገበግቡ የነፍሳት እጮች ታገኛላችሁ። ሳይንሱ ኤፌሜሮፕቴራ ይላቸዋል። ከአጠገባቸው አሸዋና ጠጠር በራሱ የሐር ክር አጣብቆ የሚኖርበትን ቤት የሚሠራ ሌላ እጭ አለ፤ ይህ ደግሞ ትሪኮፕቴራ ነው። ሸርጣን፣ የውኃ ጥንዚዛ፣ የውኃ ተርብ እጭ፣ ጭራዋ ገና ያልወደቀ የእንቁራሪት ልጅ፣ ይህ ሁሉ ሕይወት ነው። የአብዛኛው የወንዝ ሕይወት ማዕከልም ዓሣ አይደለም፤ ዓሣው የሚበላው እነዚህን ነው።

ከላይ ያለው ሕይወት ለታችኛው የወንዙ ክፍል ዋስትና ነው። እጮቹ በተለይ በሌሊት ድንጋዩን እየለቀቁ ከወራጁ ውኃ ጋር ወደ ታች ይጓዛሉ። ያደጉት ክንፍ አውጥተው ይበርሩና እንቁላላቸውን ሌላ ቦታ ይጥላሉ። ስለዚህ የብክለቱ ምንጭ ከቆመ የተጎዳው ክፍል ከላይ በሚመጡት ዳግም ሊሞላ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን የላይኞቹ ገባሮች እስካልጠፉ ድረስ ነው። ደሴ ዙሪያ ስም እንኳ የማንሰጣቸው ትንንሽ ምንጮችና ጅረቶች ከዋናው ወንዝ ያላነሰ ጥበቃ የሚገባቸው ለዚህ ነው።

ወንዝና ሐይቅ ከምድር ገጽ የሚሸፍኑት ከ1 በመቶ በታች ነው። ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ግን ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ከዓሣ ዝርያዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የወጣ አንድ ጥናት ወደ 23,500 የሚጠጉ የዓሣ፣ የሸርጣንና መሰሎቹ፣ እንዲሁም የውኃ ተርብ ዝርያዎችን ገምግሞ 24 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አሳይቷል። የእኛም አገር በዚህ ውስጥ ድርሻ አላት፤ ለምሳሌ ጋራ ከሚባለው፣ በአፉ ድንጋይ ላይ እየተጣበቀ ከሚኖረው ትንሽ የዓሣ ወገን ውስጥ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉ።

«ውኃው ከጠራ ንጹሕ ነው»

በጥቅምትና በኅዳር ውኃው ሲጠራ ልብ ያርፋል። ነገር ግን ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም፣ ከሰው ሽንት የሚመጣው አሞኒያ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ፀረ ተባይ በዓይን አይታዩም። ተመራማሪዎች ኮምቦልቻ ውስጥ በሌዮሌ ወንዝ ክሮሚየም መዝግበዋል፤ ይህን ያወቁት ግን ውኃውን በዓይናቸው አይተው አይደለም። በተቃራኒው የክረምት ድፍርስ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ አፈር ነው። አፈሩም ቢሆን ጉዳት አለው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍን እጮቹ የሚኖሩበትን ቤት ያሳጣቸዋል። ከጦሳ ሥር እስከ ሐረጎ ቁልቁለት የሚታረሰው ተዳፋት ሁሉ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት።

«ወራጅ ውኃ ራሱን ያጠራል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ አታላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሰው ቆሻሻ፣ የምግብ ትራፊ፣ የእርድ ደም የመሳሰሉትን በውኃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሏቸዋል። ሲበሉ ግን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ቆሻሻው በዝቶ ውኃው ከአየር መልሶ ሊተካ ከሚችለው በላይ ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ስንጥብ ያለው ሁሉ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ያለባቸውን ችግር ብዙ ሰው አያስበውም። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደሴ ተመሳሳዩ ውኃ የሚይዘው 7.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ግፊቱ ትንሽ ይሻላል፤ አየሩ ግን ይሞቃል፤ ሙቅ ውኃ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። የሁለቱም ከተሞች ወንዝ በባሕር ወለል ላይ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውኃ ያነሰ ኦክስጅን ይዞ ነው ቆሻሻችንን የሚቀበለው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ውኃውን እየጣለ እያነሳ አየር ያስገባበታል፤ ይህ ተፈጥሮ የሰጠን ትልቅ ጸጋ ነው። ወንዙ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን እንደገና ቆሻሻ ይሸከማል።

ብረታ ብረትማ ጭራሽ አይበላም። ክሮሚየም በወራጅ ብዛት አይጠፋም፤ ወይ ደለል ውስጥ ይተኛል፣ ወይ ወደ ታች ሄዶ በመስኖ ወደ ጎመኑና ወደ ሰላጣው ይገባል።

«ብክለትን የሚለካው ላቦራቶሪ ብቻ ነው»

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነውና። ለላቦራቶሪ የሚወሰድ ናሙና የሚነግረን ጠርሙሱ የተሞላባትን ደቂቃ ነው። ፍሳሹ በሌሊት ተለቆ ጠዋት ሰው ሲመጣ ውኃው አልፎ ሄዷል። ከድንጋዩ ሥር ያለው እጭ ግን ወራት እዚያው ኖሯል። ሌሊቱንም ያውቀዋል፣ ያለፈውንም ሳምንት። አንዱ ወገን ከጠፋ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ መረብ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይሰፋል፤ የሚሸጥ ካልተገኘ ቀዳዳው ከጠበበ የወንፊት ጨርቅ መሥራት ይቻላል። ውኃው ከጉልበት በታች በሆነበትና በድንጋይ ላይ በሚሮጥበት ቦታ መረቡን ወደ ታች በኩል ትይዛላችሁ። ከመረቡ በላይ ሆናችሁ ድንጋዩን በእግር ትቀሰቅሳላችሁ፣ ትልልቆቹን በእጅ ታሻላችሁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የተያዘውን ነጭ ሳህን ላይ ውኃ ጨምሮ መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ይመስላል፤ ትንሽ ታገሡ፣ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ከዚያ በወገን በወገናቸው መለየት ይመጣል። በደቡብ አፍሪካ ለትምህርት ቤቶችና ለነዋሪዎች የተዘጋጀው ሚኒሳስ የሚባለው ዘዴ 13 ወገኖችን ብቻ ይጠቀማል። ብክለትን ፈጽሞ የማይችለው ፕሌኮፕቴራ (ሁለት ጭራ ያለው የነፍሳት እጭ) 17 ነጥብ፣ ብዙ የሚችሉት ትልና አልቅት 2 ነጥብ ያገኛሉ፤ የተገኙት ወገኖች ነጥብ ተደምሮ ለቁጥራቸው ይካፈላል። በአገራችንም ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ወንዞች ተመሳሳይ መለኪያ ያዘጋጁ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ነጥቡን ከሌላ አገር ወንዝ ጋር እንዳያወዳድር ነው። ከከተማው በላይ አንድ ቦታ፣ ከከተማው በታች አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ እነዚያው ቦታዎች፣ በተመሳሳይ ወቅት። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ከላይ ባለ ሦስት ጭራው እጭ በዝቶ፣ ከታች ደም የመሰሉ ቀያይ እጮች ብቻ ከቀሩ ብዙ ተነግሯችኋል። ቀዩ እጭ እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው ኦክስጅን ባነሰበት የሚኖረው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ባለ ሦስት ጭራዎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ከመካከላቸው መጠነኛ ብክለት የሚችሉ አሉ። አንድ ሁለት አይታችሁ «ወንዙ ደኅና ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የዓይነታቸው ብዛት ነው የሚቆጠረው። ከከተማ በታች ስትገቡ ደግሞ ቦቲና ጓንት አድርጉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ወቅት ነው፤ የክረምቱ ጎርፍ ያጠበው ወለል እንደገና ሕይወት ይዟል፣ ውኃውም አይወስዳችሁም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችንና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ቦታዎች በየዓመቱ ቢከታተሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም የማይክደው መዝገብ ይኖረናል።

«የውኃ ትላትል በሽታ ያመጣሉ፤ ቢጠፉ ይሻላል»

ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ የተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች አሉ፤ በእኛም አካባቢ በሽታው ስላለ ሕፃናት በዝግተኛ ውኃ ውስጥ እንዳይዋኙ መከልከል ትክክል ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ግን ጉዳት የላቸውም። የውኃ ተርብ እጭ የትንኝ እጭ እየበላ ነው የሚያድገው።

«ዓሣ ብንጨምርበት ያገግማል»

መልሱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው፣ ስሙም «ሐይቅ» በሆነው ሐይቅ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ተጨመረበት፤ አሣ አጥማጁ ተጠቅሟል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን በውኃው ውስጥ የነበሩት፣ አልጌን ከሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት መካከል ትልልቆቹ ተመናመኑ፤ አልጌው በዛ፤ በጥራቱ የታወቀው ሐይቅ ደፈረሰ። የዓሣው መጨመር ብቸኛው ምክንያት ነው ባይባልም አንዱ ነው። በቦርከና ውስጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦክስጅንና ንጹሕ ድንጋይ ነው፤ እነዚህ ከተመለሱ ዓሣው መንገዱን ያውቃል።

«ዳርቻው ላይ ዛፍ መትከል በቂ ነው፤ ባሕር ዛፍም ቢሆን»

የወንዝ ነፍሳት ከዛፍ በሚወድቅ ቅጠል ይኖራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይትና ታኒን ስላለው ብዙዎቹ ቶሎ አይበሉትም። አኻያ፣ ሾላ፣ ወይራ ቢሆኑ ግን ጥላም ምግብም ይሆናሉ፤ ሥራቸውም ዳርቻውን ይይዛል። ከእነሱ ሥር ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ካልተነቀለ ደለሉን ያጣራል። ችግኝ ለመትከል ቁጥቋጦውን መንጥሮ ማጽዳት የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

«ጥፋቱ የፋብሪካ ብቻ ነው»

ፋብሪካው ኃላፊነት አለበት፤ ማጣሪያው በሌሊትም መሥራት አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደሴ ውስጥ ግን ኮምቦልቻ ገና ሳይደርስ ወንዙ ምን እንደሚሸከም እንቁጠር። ጎርፍ ማፋሰሻ ላይ የተቀጠለ የመጸዳጃ ቱቦ፣ ወንዝ ዳር የሚታጠብ መኪናና ምንጣፍ፣ ከጋራዥ የሚደፋ ዘይት፣ በፌስታል ታስሮ የሚወረወር ቆሻሻ፣ ለግንባታ የሚዛቅ አሸዋና ድንጋይ። የመጨረሻው በተለይ ችላ ይባላል፤ ድንጋዩ ሲወሰድ ከሥሩ የሚኖሩትም አብረው ይወሰዳሉ። ይኸው ውኃ ለውዱእም ለጥምቀትም የምንፈልገው ውኃ ነው፤ ስለዚህ የመስጊድ ጀመዓና የሰንበቴ ማኅበር ከማንም በፊት ባለቤት ሊሆኑበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

«ከእኛ አልፎ ከሄደ ባሕር ይገባል፣ ይጠፋል»

አዋሽ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በፊትም ጨፋ አለ፤ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰፍርበት፣ ወፍ የሚከትምበት ሜዳ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የምንለቀው ነገር የሚቀረው እዚያው ተፋሰስ ውስጥ፣ በሰውና በከብት መካከል ነው።

«ብንናገርም ሕግ የለም፤ የሚሰማንም የለም»

ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «ወንዙ ይሸታል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከላይና ከታች የተገኙት የእጭ ዓይነቶች፣ የሳህኑ ፎቶና የለቃሚዎቹ ፊርማ ያለበት የሁለት ሦስት ዓመት መዝገብ ከተያያዘ ግን መሥሪያ ቤቱ ባለሙያና ላቦራቶሪ ይዞ እንዲመጣ መጠየቂያ መሠረት ይሆናል።