ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያዎች በደሴ ቁልቁለት

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተመሠረተች ከተማ ናት። ነዋሪዋ ወጥቶ ሲገባ ዳገት ወይም ቁልቁለት አያጣም፤ ዳገቱ ትንፋሽን ሲፈትን ቁልቁለቱ ጉልበትን ይፈትናል።

በተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንትና አጥንት በቀጥታ አይነካኩም። ጫፋቸው ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተሸፍኗል፤ ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ከረጢት ያቅፈዋል፤ የከረጢቱ ውስጠኛ ገጽ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ያመነጫል። በጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ከዚሁ ፈሳሽ ይመገባል፦ ስንረግጥ ይጨመቃል፣ ስናነሳ እንደ ስፖንጅ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ለረጅም ጊዜ በጀሶ የታሰረ ጉልበት የሚደርቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ክርን እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋል። ትከሻና ዳሌ ክብ ራስ በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርባቸው ናቸው፤ የትከሻው ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይወልቃል።

ቁልቁለት ሲወረድ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ የጭነት መኪና። ያን ጊዜ የጉልበት ሎሚ በጭን አጥንት ላይ አጥብቆ ይጫናል። ደረጃ ሲወረድ ጉልበት የሚሸከመው ጫና የሰውነትን ክብደት 3 እጥፍ ያልፋል። አጫጭር እርምጃና ምርኩዝ ያቀሉታል። ጡንቻውን ለማጠንከር ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ መደጋገም ይበጃል።

ለመራመድ ጉልበት 60 ዲግሪ ገደማ መታጠፉ ይበቃዋል፤ በሶላት ተረከዝ ላይ ሲቀመጡ ግን ወደ 150 ይጠጋል። ልም አጥንቱ የተበላ ሰው ቀድሞ የሚቸገረው በመቀመጥና በስግደት ነው፤ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ጉልበቱን ያሳርፈዋል።

በድንጋያማ መንገድ የሚያጋጥመው ግን በአብዛኛው ወለምታ ነው፦ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ያለው ጅማት ይሳባል ወይም ይበጠሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ማሳረፍ፣ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት መታሸት እብጠቱን ያባብሰዋል። ተጎጂው 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲጫኑት ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።

ወጌሻ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የታመነ ነው፤ አደጋው ያለው ውልቃትን ከስብራት ሳይለዩ መሳብና በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ላይ ነው። እግር ወይም እጅ በቀጣዮቹ ሰዓታት ስለሚያብጥ እስሩ የደም ዝውውርን ያግዳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩን እዚያው ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ ደም ሳያገኝ 6 ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻ አይመለስም።