ሰው ሠራሽ ስበት በሚሽከረከር የጠፈር ጣቢያ

ሰው ሠራሽ ስበት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ያለ ሰው በእግሩ እንዲቆም፣ ሻዩም ከስኒው እንዳይንሳፈፍ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ እውነተኛ ስበት እዚህ የለም። የእረኛ ወንጭፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ሊፈተለክ ይፈልጋል፣ ቆዳው ግን አይለቀውም። በጎማ ቅርጽ በተሠራ ጣቢያ ድንጋዩ ሰውየው ነው፤ ቆዳው የጎማው የውጭ ግድግዳ፣ ማለትም ወለሉ። የሁሉም አናት ወደ መሐል ያያል።

ክብደቱን የሚወስኑት የጎማው ስፋትና ፍጥነቱ ናቸው። በደቂቃ 2 ጊዜ የሚዞር ጣቢያ የምድርን ያህል ክብደት እንዲሰጥ ከመሐሉ እስከ ወለሉ 224 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ካነሰ መፍጠን አለበት። ሲፈጥን ደግሞ አንገቱን ዞር ያደረገውን ሰው ያጥወለውለዋል፤ የወደቀ ማንኪያም ሸርተት ብሎ ወደ ጎን ያርፋል። ሰው ስንት ዙር ይችላል የሚለው ያከራክራል። ይለመዳል የሚሉም አሉ።

ሐሳቡን ሩሲያዊው የጠፈር ሊቅ ፂዮልኮቭስኪ ቀድሞ ጽፎበታል። የሮኬት መሐንዲሱ ፎን ብራውን በ1952 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) 76 ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነድፎ አሳየ።

በጠፈር የሞከሩት ግን የአሜሪካዋ መንኮራኩር የጀሚኒ 11 ጀግኖች ናቸው፤ የሚገባቸውን ያህል አይወራላቸውም። ፔት ኮንራድና ዲክ ጎርደን የተነሱት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1966 ነው፤ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1959፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት። በነጋታው ጎርደን ወጣና የመንኮራኩሯን አፍንጫ እንደ ፈረስ ተፈናጠጠ። ሰው ከሌለባት መንኮራኩር ከአጄና የተዘረጋውን 30 ሜትር ገመድ ማሰር ነበረበት። አሰረው፣ ግን ላቡ ዓይኑ ገብቶ አሳወረው። በ33 ደቂቃው ተመለሰ። በማግስቱ ሁለቱ መንኮራኩሮች የገመዱን ጫፍና ጫፍ ይዘው መዞር ጀመሩ። ገመዱ መጀመሪያ ላይ እንደ ልጆች የገመድ ዝላይ እየተወዛወዘ አስቸገረ። ኋላ ላይ አንዱ ዙር 6 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። የተገኘው ስበት የምድርን 0.00015 ብቻ ነው። ሰዎቹ ምንም አልተሰማቸውም። አየር ላይ የለቀቁት ካሜራ ግን ቀስ እያለ ሄዶ የኋላው ግድግዳ ላይ አረፈ።

ሶቪየቶች በ1977 በኮስሞስ 936 ሳተላይት አይጦችን በሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ፣ እያዞሩ ሞክረዋል። ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የታሰበው የሴንትሪፊውጅ ክፍል ግን በ2005 ተሰረዘ። የተጀመረው አካሉ ጃፓን፣ ፁኩባ ከተማ፣ ደጅ ላይ ለጎብኚ ቆሟል።