ውድ ጫማ ለክት ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ስለ ጫማ ዋጋና ጥራት የምሰማቸው ስህተቶች

ጫማ እሰፋለሁ፤ እጠግናለሁ። በየቀኑ የምሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። «ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼበት እንዴት ይላቀቃል?» ይሉኛል። ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የሱቁን ኪራይ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣና የማን ስም እንደተጻፈበት ነው። ሶሉ ከምን እንደተሠራና ከላይኛው ቆዳ ጋር በምን እንደተያዘ አይናገርም። እሱን ማየት የገዢው ድርሻ ነው፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። ሰው ግን ጫማውን ገልብጦ እንኳ ሳያይ ከፍሎ ይወጣል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቀለል ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ከባድ ጫማ ጠንካራ ነው።» አይደለም። ሶሉ ውስጥ የታጨቀው ርካሽ ጎማ ሊሆን ይችላል። ትርፉ እግር ማድከም ነው።

«ተከራክሬ በግማሽ ዋጋ ወሰድኩት፤ አተረፍኩ።» መርካቶ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለክርክር የሚጠራ ነው። የተቀነሰላችሁ ከጥሪው ላይ ነው። ጫማው ምን ያህል እንደሚያወጣ ገና አላወቃችሁም።

«ላይተር ለኩሰው አሳዩኝ፤ አልተቃጠለም፤ ቆዳ ነው።» ይህን አትመኑ። እሳቱን ለአፍታ ብቻ አስነክተው ካነሱት ሲንቴቲኩም (ሰው ሠራሹም) ምንም አይሆንም። ካቆዩት ደግሞ እውነተኛውም ቆዳ ይበላሻል። ይልቅ ያልታጠፈ፣ ያልተሸፈነ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉ። ማሰሪያው ሥር ያለው ምላስ ጫፉ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ቃጫ ይታያል። ሲንቴቲክ ከሆነ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ጨርቅ ታያላችሁ።

«ጄኑዊን ሌዘር ይላል እኮ!» ይበል። ጽሑፉ ቆዳ መሆኑን እንጂ ደረጃውን አይናገርም። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በፋብሪካ በንብርብር ይሰነጠቃል። ላይኛው ንብርብር ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። የታችኛው ልል ነው። የታችኛውን በፕላስቲክ ቀብተው ቢያሳምሩትም ስሙ ያው ቆዳ ነው። ጥቂት ወር ሲደረግ ግን ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቅቡ እየተላጠ ይነሳል። ከአውሮፓ የመጣ ጫማ ከሆነ ምልክቱን እዩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ መሠረት የላይኛው ክፍል፣ የገበሩና የሶሉ ምንነት ለየብቻ ይገለጻል። የተዘረጋ ቆዳ ሥዕል ካለ ቆዳ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ዳይመንድ (በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን) ካለች የተቀባ ቆዳ ነው። ዳይመንድ ብቻዋን ከሆነች ቆዳም ጨርቅም አይደለም። ላይኛው ቆዳ ሆኖ ገበሩም ሶሉም ዳይመንድ የሆነ ጫማ ስንት ጊዜ «ሙሉ ሌዘር» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ።

«የተሰፋ ጫማ አይላቀቅም።» መጀመሪያ መሰፋቱን አረጋግጡ። ሶሉ ዙሪያ የምታዩት ክር አንዳንዴ ከሶሉ ጋር አብሮ በቅርጽ ማውጫ የወጣ ጌጥ ነው። በጥፍራችሁ ንኩት፤ ክር መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ጌጥ ከሆነ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። ማስቲሽ ራሱ ግን መጥፎ አይደለም። ቆዳው በደንብ ተፍቆ፣ ማስቲሹ በሚገባ ጠጥቶ፣ በደንብ ተጭኖ ከተጣበቀ ዓመታት ይይዛል። ጥድፊያ ሲገባበት ነው የሚላቀቀው።

«ርካሽ ዕቃ አይበረክትም።» በረባሶን እንዴት ረሳችሁት? ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ፣ ርካሽ ጫማ ነው። ሶሉ ግን አያልቅም ማለት ይቻላል። ጎማው መኪና ተሸክሞ አስፋልት ላይ እንዲሮጥ የተሠራ ነው፤ የሰው እግር ምን ያደርገዋል? ለልጅም ቢሆን ውድ ጫማ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም። የ3 ዓመት ልጅ እግር በወራት ውስጥ ያድጋል፤ ጫማው ሳያልቅ ይጠበዋል። ልክ የሆነ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ በእጅ ሲያጥፉት የሚታጠፍ ይበቃዋል።

ለአዋቂ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እንበል 1,500 ብር የሚሸጥ ጫማ 4 ወር ሠርቶ አለቀ። በወር 375 ብር አወጣችሁ ማለት ነው። ሌላው 4,500 ብር ነው። አንድ ጊዜ በ900 ብር ሶል ተቀይሮለት 2 ዓመት ሄደ። በወር 225 ብር መጣ። ይህ የሚሠራው ግን ሁለተኛው ጫማ ሶሉ የሚቀየርለት ከሆነ ብቻ ነው። ላይኛው ክፍል ቶሎ የሚላጥ ከሆነ 4,500 ብሩም ባክኖ ቀረ። ስለዚህ ስትገዙ «ስንት ነው?» ካላችሁ በኋላ «ይጠገናል?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ ለሚያውቅ ጫማ ሰፊ አሳዩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ውድ ነው፤ ለክት ይቀመጥ» የምትለዋ።

አንድ ደንበኛዬ ጥቁር ጫማ በካርቶኑ ይዞ መጣ። እህቱ ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ የላከችለት ነው። ለገናና ለፋሲካ ካልሆነ አያደርገውም። በወንድሙ ሠርግ ቀን፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሶሉ እየተቆረሰ ወለሉ ላይ ቀረ። ካርቶኑን ስከፍተው ላይኛው ቆዳ ያብረቀርቃል። መታጠፊያው እንኳ ገና አልተሸበሸበም። ሶሉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። «ፎርጅድ ልካብኝ ነው» አለኝ። ደውሎ ሊወቅሳት ተነስቶ ነበር።

ፎርጅድ አልነበረም። ጥሩ ጫማ ነው፤ እህቱም ደህና ብር አውጥታበታለች። የተበላሸው በመቀመጡ ነው።

ብዙ ምቹ የሚባሉ ጫማዎች ሶላቸው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። እኛ በአጭሩ ፒዩ እንለዋለን። ውስጡ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ለእግርም ይለሰልሳል። ውድ ጫማ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ጠላቱ እርጥበት ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ገብቶ ፒዩውን የያዘውን ኬሚካላዊ ትስስር ይበጥሰዋል። ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ጫማው ተደረገም አልተደረገም ሥራው አይቆምም። ብዙ ጊዜ ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል።

«ከተመረተ» ያልኩት አውቄ ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ «በታላቅ ቅናሽ» የወጣ ፒዩ ጫማ ግማሽ ዕድሜው አልቆ ሊሆን ይችላል። ቅናሽ ስታዩ ሶሉን ተጭናችሁ እዩ። ተጭኖ መመለስ አለበት። ከተሰነጠቀ፣ ከተንጣለለ ወይም እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ በነፃም አትውሰዱት።

ሰው ደግሞ አስቦለት ይብስ ያበላሸዋል። በፌስታል ይጠቀልላል፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል፣ አልጋ ሥር ይገፋዋል። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ይከርማል። ጅዳና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱም የባሕሩ እርጥበትም አለባችሁ፤ ለፒዩ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም።

ፒዩ አትግዙ እያልኩ አይደለም። በየቀኑ እየቆመ ለሚሠራ ሰው፣ ለአስተማሪ፣ ለነርስ፣ ለአስተናጋጅ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። እነሱ ጋ ሶሉ የሚያልቀው በመንገድ ነው፤ ለመፈርፈር ጊዜ አያገኝም። የሚቆጨኝ ይህንኑ ጫማ ሰው ቆጥቦ፣ ሸራው በተበሳ ጫማ ሥራ ሲሄድ ማየት ነው። ጥሩውን ጫማ አድርጉት! ለክት የግድ ጫማ ያስፈልገኛል የሚል የጎማ ወይም የቆዳ ሶል ያለው ይግዛ። ጎማ ሲይዙት ከበድ ይላል፤ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ፒዩ አይሰረጉድም። አንዳንዱ ሶል ሥሩ ላይ ምንነቱ ታትሞበታል፤ ገልብጡና አንብቡ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ለአባት ለእናት ጫማ ስትልኩ ሶሉን ጠይቁ። እነሱ ጫማውን ለዓመት በዓል እንደሚያስቀምጡት ታውቃላችሁ።

ሶሉ ተፈርፍሮባችሁ ከሆነ አትጣሉት። ላይኛው ቆዳ ጤነኛ ከሆነ ጫማው ይድናል። ሱፐር ግሉ ግን አታስነኩት፤ የሚጣበቀው ፍርፋሪው ላይ ነው፤ ፍርፋሪው ደግሞ በማግስቱ ይነሳል። አሮጌው ሶል ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ወጥቶ አዲስ መገጠም አለበት። ጫማችሁን ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት የሚገጠመውን ሶል በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ፤ ጎማ መሆኑንም አረጋግጡ።