የካርፔት ፓይተን ግልገል አመጋገብና አስተዳደግ

ካርፔት ፓይተን አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ውስጥ የሚኖር መርዝ የሌለው የዘንዶ ዘር ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሞሬሊያ ስፒሎታ፣ በሳይንስ መጀመሪያ የመዘገበው ደግሞ ላሴፔድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1804 እ.ኤ.አ.። ካርፔት ያሉት ጀርባው ላይ ያለው ቅርጽ የተሸመነ ምንጣፍ ስለሚመስል ነው፤ ሐረር ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገብቶ ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ትልቁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፣ በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዛ በላይ ይኖራል፣ ስለዚህ አንድ ግልገል ቤት ማስገባት ማለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ አብሮ መኖር ማለት ነው እንጂ የአንድ ሰሞን ጨዋታ አይደለም።

እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ብሪስቤን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አንዲት ግልገል ወስዶ ማሳደግ ከጀመረ ጊዜ ጀምሮ ነው። እዛ አገር ካርፔት ፓይተን የሰፈር እንስሳ ነው፣ ሰው ቤት ጣሪያ ውስጥ ገብቶ አይጥ ሲበላ ይከርማል፣ ግን ቤት ውስጥ ለማሳደግ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም ፈቃድ አውጥቶ እዛው ቤት ውስጥ ከተፈለፈሉት ነው የገዛው። ይሄን የምለው እኛ ጋር አንዳንድ ልጆች ይሄን ወሬ ሲሰሙ «አቦ እኛም ከኤረር በረሃ አንድ ዘንዶ እናምጣ» ስለሚሉ ነው። የኛ ዘንዶ ሌላ ነው፣ የአፍሪካ ትልቁ እባብ ነው፣ ከ4 ሜትር ያልፋል፣ ጉልበቱም ቁጣውም ከካርፔት ፓይተን ጋር አይወዳደርም። ደግሞ የፓይተን ዘር በሙሉ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። ከዱር እየያዙ ማምጣት ለሰውየውም ለእንስሳውም ጥፋት ነው፣ በቃ እዛው በረሃው ላይ ይኑር።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ትበላለች?» ብሎ ነው፣ መቅደም ያለበት ግን ምን ያህል ይሞቃታል የሚለው ጥያቄ ነው። እባብ እንደኛ ከውስጥ ሙቀት አያመነጭም፣ የዋጠውን የሚፈጭለት የውጭ ሙቀት ነው፣ ከቀዘቀዘ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ያስመልሰዋል፣ ለግልገል ደግሞ ማስመለስ ትልቅ አደጋ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ አንደኛው ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ሌላኛው ጫፍ 25 አካባቢ ይደረጋል፣ እሷ ራሷ ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛው ሲበርዳት ወደ ሞቃቱ ትሄዳለች። ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፣ እኛም እኮ ሙቀቱ ሲጠና የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር የምንገባው ለዚሁ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ግን ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1900 ትጠጋለች፣ ከሰዓት ድሬ በላብ ተጠምቀህ ማታ ሐረር ላይ ጋቢ ትፈልጋለህ። ለእሷ ድሬና ሐረርን በአንድ ሳጥን ውስጥ አድርግላት ማለት ነው። ሙቀቱም መብዛት የለበትም፣ ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ከተሰካ ግልገሏን ሊያቃጥላት ይችላል፣ የግንቦትና የሰኔ ዓይነት የድሬ ሙቀት ዝግ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ማቀዝቀዝ እንጂ ማሞቅ አያስፈልግም ነበር።

ሳጥኑ ትንሽ ይሁን። ከእንቁላል ስትወጣ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ናት፣ የእርሳስ ውፍረት ቢኖራት ነው፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ስትለቃት ትፈራለች፣ የፈራች ደግሞ አትበላም። ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋና አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኮንቴይነር፣ ታች ጋዜጣ ወይ ሶፍት፣ የውሃ ሳህን፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ መደበቂያ፣ ከዛ አንድ አግዳሚ እንጨት። እንጨቱ ለጌጥ አይደለም፣ እነዚህ ዛፍ ላይ መውጣት የሚወዱ ናቸው፣ ግልገሏ ቀኑን ሙሉ እዛ ላይ ተጠምጥማ ልትውል ትችላለች።

አመጋገብ ላይ እንምጣ። ግልገሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪቀይሩ ብዙውን ጊዜ አይበሉም፣ ሆዳቸው ውስጥ የቀረው የእንቁላል አስኳል ይበቃቸዋል። ከዛ የሚሰጣቸው ገና ፀጉር ያላበቀለ ወይ ፀጉር ማብቀል የጀመረ የአይጥ ግልገል ነው፣ መጠኑ ከእሷ ከወፍራሙ የሰውነት ክፍል ጋር እኩል ቢሆን ነው፣ በ5 ወይ በ7 ቀን አንድ ጊዜ። አይጡ ሞቶ ፍሪዘር የገባ ነው፣ በህይወት ያለ አይሰጥም ምክንያቱም አይጥ ይነክሳል፣ ትንሽ እባብን ዓይኗን ሊያጠፋት ይችላል። በረዶ የሆነው አይጥ በረዶው እስኪለቅ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ ከዛ በፊስታል ተቋጥሮ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይነካም፣ ውጭው በስሎ ውስጡ በረዶ ይሆናል። መሞቁ ወሳኝ ነው፣ ከንፈሯ ላይ ሙቀት የሚያውቁ ትንንሽ ጉድጓዶች አሏት፣ በጨለማ የምታየው በእነሱ ነው ማለት ይቻላል፣ የቀዘቀዘ አይጥ ለእሷ ድንጋይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲያበላት በቪዲዮ ኮል አይቻለሁ። እዛ ሲመሽ እዚህ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ድሬ ሱቋን ዘግታ የምታርፍበት ሰዓት፣ እኔ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ ነበር። መብራቱን ቀነሰ፣ የከሰል መቆንጠጫ በሚመስል ረጅም ነገር አይጧን በጭራዋ ይዞ ቀስ ብሎ አስጠጋት። ግልገሏ በጭራዋ እንጨቱን ጨብጣ አንገቷን እንደ መንጠቆ ቆልምማ ምላሷን ቶሎ ቶሎ ታወጣለች፣ አይጧ ትንሽ ስትነቃነቅ ተወረወረች፣ ዓይኔ አልያዛትም፣ ሳያት ሁለት ዙር ተጠምጥማባታለች። የሞተ መሆኑን ሳታውቅ እየጨመቀች ቆየች፣ ከዛ ራሱን ፈልጋ ከዛ ጀምራ ዋጠችው።

እዚህ ለመድረስ ግን አምስት ሳምንት ፈጅቷል። መጀመሪያ በፍጹም አልበላ አለች፣ ልጁ እንቅልፍ አጣ፣ በየሁለት ቀኑ አይጥ እያመጣ ፊቷ ላይ ይደቅናል፣ እሷ ትሸሻለች፣ እሱ አውጥቶ ያያታል ይመዝናታል፣ እንደገና ትፈራለች። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ ቴርሞሜትሩ ጋ ነበር፣ የለጠፈው ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ነው፣ እሷ የምትተኛበት ወለል ሲለካ 27 ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ የእዛ አገር የብርድ ወቅት ደግሞ ሰኔ ላይ ነው የሚገባው። ሙቀቱን አስተካከለ፣ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፈነ፣ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ ከመቀየር ውጪ አልነካትም። ከዛ ያደረገው ነገር በጣም ነው የገረመኝ፣ ግልገል ካርፔት ፓይተን ዱር ውስጥ መጀመሪያ የምትለምደው እንሽላሊት ስለሆነ ማታ ማታ መብራት ስር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው እንሽላሊት፣ ያ እኛም ቤት ሞልቶ ያለው ዓይነት፣ ጥሎት የሄደውን ጭራ አንስቶ አይጧን ደጋግሞ አሸበት። በዛው ማታ በላች። ከዛ በየጊዜው ሽታውን እየቀነሰ ንጹህ አይጥ አስለመዳት፣ አሁን ጭራ ምናምን አያስፈልጋትም።

ጤነኛ ግልገል ለሳምንታት ሳትበላ መቆየት ትችላለች፣ ስለዚህ መጨነቅ ያለበት ክብደቷ ሲወርድ ነው። ቆዳ ልትቀይር ስትል ዓይኗ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ያኔ ባትበላ አይገርምም፣ አየሩ እንዳይደርቅባት እርጥበት ያለው መደበቂያ ይጨመርላታል፣ የቀየረችው ቆዳ ሙሉ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ተቆራርጦ ከወጣ ደርቆባታል ማለት ነው። ከበላች በኋላ 2 ቀን አትያዝም። ካስመለሰች ቢያንስ 10 ቀን ሆዷ ይረፍ፣ ከዛ ከበፊቱ ያነሰ አይጥ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይ ልጋግ የሚወጣት ከሆነ ሳምባዋ ነው፣ ሐኪም ጋ ነው እንጂ ቤት ውስጥ መድኃኒት አይሞከርም። ከነኳት በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ግልገሎች መናከሳቸው ደግሞ የታወቀ ነው፣ ጥርሳቸው መርፌ ነው ግን መርዝ የላቸውም፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፣ እነሱም ካንተ በላይ ነው የሚፈሩት፣ እየለመዱ ሲሄዱ ይረጋጋሉ።

ቀለሟም ይቀየራል። ስትፈለፈል ደብዛዛ ቡናማ ነበረች፣ አሁን ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል፣ ምንጣፉ ጀርባዋ ላይ እየወጣ ነው፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች፣ ፀጉሩን በደንብ ያበቀለ ሙሉ አይጥ በ10 ቀን አንዴ ትበላለች። ባለፈው ሳምንት ሰፋ ያለ ቤት ሠራላት፣ አሮጌውን እንጨት እንዳለ ወደ አዲሱ አዛወረው፣ የራሷን ሽታ እንድታገኝ ብሎ፣ እውነትም ከገባች በኋላ መጀመሪያ የሄደችው እዛው እንጨት ላይ ነው።